ሰባት ቤት ስንቆጥር የዘለልነው ነገር

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አንብቤው ዛሬ ጠዋት ደግሜ አነበብኩት፤ የራሴን ቤት መሰለኝ። ባጭሩ ያልሽው ይህ ነው። አባትሽ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ ታላቅ ወንድምሽም ባለፈው ዓመት በ39 ዓመቱ ተገኝቶበታል። አንቺ 31 ዓመትሽ ነው፤ አዘዞ ትኖሪያለሽ፤ ጥር ላይ ልታገቢ ነው። «በዘር ከሆነ አይቀርልኝም ማለት ነው?» ብለሻል። ውጭ አገር ያለ ዘመድሽ በምራቅ የሚሠራ የዘረመል ምርመራ ላሠራልሽ ብሎሻል፤ ገንዘቡን ግን ከአንቺ ይፈልጋል። በመጨረሻም ለእጮኛሽ ልንገረው ወይስ ዝም ልበል ብለሽ ጠይቀሻል። አንዳንዱን ባጭሩ፣ አንዳንዱን በረጅሙ እመልስልሻለሁ።

ሐኪም አይደለሁም። ጎንደር ውስጥ ለ29 ዓመታት ባዮሎጂ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ስለ ውርስ ስንት ጊዜ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደጻፍኩ እኔና ጠመኔው ነን የምናውቀው፤ የአተር ተክል፣ ረጅምና አጭር፣ ሦስት ለአንድ። የራሴን ቤት ውርስ የተማርኩት ግን ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ባዶ ሆዴን ስመረመር ስኳሬ 118 ሆኖ ተገኘ። በባዶ ሆድ 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ነው የስኳር በሽታ የሚባለው፤ 118 ደጃፉ ላይ መቆም ነው፣ ሐኪሞቹ ቅድመ ስኳር ይሉታል። ውጤቱን የሰጠኝ ወጣት «በቤተሰብ ውስጥ ስኳር ያለበት ሰው አለ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ፈጠን ብዬ «የለም» አልኩት። አልዋሸሁትም፤ የማውቀው እንደዚያ ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ እናቴ ቡና ስታፈላ አጠገቧ ተቀምጬ ጠየቅኋት።

«እማ፣ አባትሽ በምን ነበር የሞተው?»

«በቁስል።»

«የምን ቁስል?»

«የእግር ነዋ። እሾህ ወግቶት አልሽር ብሎ ከረመ።»

«ውሃ ይጠማው ነበር?»

ጀበናውን ከምድጃው አውርዳ አየችኝ። «ቅሉ ከራስጌው አይለይም ነበር። ሌሊት ሌሊትም ሦስት አራት ጊዜ ይወጣል። አንተ ይህን ከማን ሰማህ?»

ከማንም አልሰማሁም፤ የስኳር ምልክት ተብሎ መጽሐፍ ላይ ያለ ነገር ነው። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ እንደ ክር ተተረተረ። አክስቴ ዓይኗ ጠፍቶ ጠበል ለጠበል ስትዞር የኖረችው፣ አጎቴ በመጨረሻው ጊዜ ኩላሊቱ ደክሞ ፊቱ ያበጠው፣ ሁሉም አንድ መስመር ላይ ገቡ። በመካከሉ እናቴ የእኔን ታላቅ እህት ጠቀሰች። «እርሷማ ክኒን ከጀመረች አምስት ዓመቷ ነው።» የገዛ እህቴ! «ታዲያ ለምን አልተነገረኝም?» ብዬ ድምፄን ከፍ ሳደርግ፣ እናቴ ሲኒዎቹን እየደረደረች፣ እኔ ምን የማይገባኝ ሰው ነኝ በሚል አነጋገር፣ «ልጆቿ አላገቡም እኮ» አለችኝ።

ይህን ያህል ያስረዘምኩት ለጥያቄሽ ዋናው መልስ እዚህ ውስጥ ስላለ ነው። እኛ ለጋብቻ ሰባት ቤት እንቆጥራለን። ከቅድመ አያት አልፈን ምንጅላትና እንጅላት ድረስ ስም በስም የሚደረድሩ ሽማግሌዎች ዛሬም አሉን። በምን ሞቱ ሲባል ግን ሁለተኛው ቤት ላይ ምላሳችን ይታሰራል። «ከእነ እገሌ ዘር በሽታ አለ» የሚል ወሬ ሴት ልጅ ያስቀራል ብለን ስለምንፈራ በየቤታችን አንድ የተደበቀ የክትትል ካርድ አለ። ዘመድሽ ሊያሠራልሽ ካሰበው ምርመራ የሚበልጠው መረጃ የታፈነው እዚያ ነው።

አሁን ወደ ዘረመሉ። «በዘር ነው» ስንል በአማርኛችን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ባንድ ቃል እናስራለን። የደም ዓይነትሽ በዘር ነው፤ ምንም ብትበዪ፣ የትም ብትኖሪ አይለወጥም። ሁለተኛው ዓይነት ስኳር በዘር ነው ሲባል ግን ትርጉሙ ሌላ ነው። ሰውነት ኢንሱሊንን፣ ማለትም የደም ስኳርን የሚቀንሰውን ሆርሞን፣ አልሰማ ሲል ቆሽት ያንን ለማካካስ አብዝታ ታመርታለች፤ የአንዱ ሰው ቆሽት ይህን ጫና ለሰማንያ ዓመት ትችለዋለች፣ የሌላው በአርባ ዓመቱ ትደክማለች። የምንወርሰው ይህንን አቅም ነው እንጂ በሽታውን አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2006 የአይስላንድ ተመራማሪዎች ቲሲኤፍ7ኤል2 በሚባል ጂን ላይ ያለ አንድ ልዩነት ከዚህ በሽታ ጋር እንደሚያያዝ አሳወቁ። ጂኑ የሚገኘው በ10ኛው ክሮሞዞም ላይ ነው፤ ልዩነቱ የቆሽት ሴሎች ኢንሱሊን የሚለቁበትን ሁኔታ ያውካል። በብዙ ሰው ላይ ከሚገኙት ልዩነቶች መካከል ከባድ ከሚባሉት አንዱ ይኸው ነው። ታዲያ ክብደቱ ስንት ይመስልሻል? ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰው ሰው አደጋው ከሌላው ሰው 1.4 እጥፍ ገደማ ነው፤ ከሁለቱም የወረሰው ደግሞ ወደ 2 እጥፍ ይጠጋል። ሁለቱንም ይዘው ሳይታመሙ የሚያረጁ ብዙዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ 2.5 ሚሊዮን ሰዎችን ያካተተ ጥናት ደግሞ ከበሽታው ጋር የሚያያዙ 611 የዘረመል ስፍራዎችን ቆጥሯል። አብዛኞቹ እያንዳንዳቸው የሚጨምሩት አደጋ ኢምንት ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ተማሪ ቢኖረኝ ዛሬ የማስተምረው በዚህ ነበር። እያንዳንዱ ልዩነት አንድ ሎሚ ነው፤ ሁላችንም ጥቂት ጥቂት ይዘናል፤ በአንድ ሎሚ ወገቡ የጎበጠ ሰው የለም። አንዳንዱ ቤተሰብ ግን ብዙውን ባንድ ከረጢት ይሸከማል። የእኔም የአንቺም ቤት ከእነዚያ ሳይሆን አይቀርም። ጥያቄው ከረጢቱን ይዘን ሜዳ ነው የምንሄደው ወይስ ዳገት የሚለው ነው።

በነገራችን ላይ ሁሉም ውርስ ክፉ አይደለም። በቆሽት ሴሎች ውስጥ ዚንክን ወደ ኢንሱሊን ማከማቻዎቹ ከሚያስገባው ጂን አንዱ ቅጂ የተበላሸባቸው ጥቂት ሰዎች አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት እነዚህ ሰዎች በሁለተኛው ዓይነት ስኳር የመያዝ አደጋቸው በ65 ከመቶ ያህል ዝቅ ያለ መሆኑን አገኘ። የተበላሸ ጂን ሲጠብቅ! ይህን ሳነብ ክፍል ገብቼ መናገር አማረኝ፤ ጡረታ ክፉ ነው።

አላባብልሽም፤ አደጋሽ ከጎረቤትሽ ከፍ ያለ ነው። አንድ ወላጁ ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ያለበት ሰው በዕድሜ ዘመኑ የመያዝ ዕድሉ 40 ከመቶ ገደማ፣ ሁለቱም ወላጆቹ ያሉበት ደግሞ 70 ከመቶ ገደማ ነው ተብሎ ይጠቀሳል። ቁጥሩ በአብዛኛው የመጣው ከአውሮፓውያን ቤተሰቦች ስለሆነ በአዘዞ ሚዛን ልክ በልክ አይነበብም። ደግሞም አርባው ቢያዙ ስድሳው አልተያዙም ማለት ነው።

ስለዚሁ ጉዳይ ከሩቅ አገር ጥናት ይልቅ የሚያስደምመኝ የራሳችን ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት በጎንደር ከተማና በዙሪያው ባለው ገጠር 35 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን ሰዎች መርምሮ፣ በከተማው ከመቶው 5.1፣ በገጠሩ ደግሞ 2.1 የስኳር በሽታ እንዳለባቸው አገኘ። በሁለቱም ቦታ አብዛኞቹ እስከዚያ ቀን ድረስ አያውቁም ነበር። እስቲ አስቢው፤ የማራኪ ሰውና የደምቢያ ሰው በዘር ይለያያሉ? የፒያሳው ነጋዴ አባቱ የመጣው ከወገራ ነው፤ አጎቱ ዛሬም እዚያው እያረሰ ነው። ከረጢቱ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ የአንዱ አደጋ ከሌላው ከእጥፍ በላይ ሆነ።

ሁለተኛው ምሳሌ ከከተማችን በስተሰሜን መንገድ ዳር ካለችው ከወለቃ ይነሳል። ከወለቃና ከዙሪያዋ ገጠር የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ብዙዎቹ በ1977 ዓ.ም. አካባቢና በግንቦት 1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ሄዱ፤ በግንቦቱ ጉዞ ብቻ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በሁለት ቀን ውስጥ ተጓጉዟል። እዚያ ከኖሩ በኋላ የስኳር በሽታ በመካከላቸው በፍጥነት በዛ፤ የእስራኤል ተመራማሪዎችም በወጣትነት ዕድሜያቸውና ክብደታቸው መደበኛ የሆኑትን ሰዎች ጭምር እንደሚይዝ ጽፈዋል። በአውሮፕላን ጉዞ ጂን አይለወጥም፤ የተለወጠው ማዕዱና እግሩ ነው። ለእኔና ለአንቺ ደግሞ ሌላ ማስጠንቀቂያ አለው፤ «ቀጭን ነኝ፣ እኔን አይነካኝም» የሚለውን መጽናኛ ይወስድብናል።

እዚህ ላይ ስለ ወንድምሽ አንድ ነገር ልበል። በጎንደር ዙሪያ ገጠር ከስተው፣ ገና በወጣትነታቸው ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ሕሙማን እንዳሉ ሐኪሞች ከብዙ ዓመታት ጀምሮ ያውቃሉ፤ ይህ የተለየ ዓይነት ነው፣ የራሱም የዘረመልና የምግብ እጥረት ታሪክ አለው። ወንድምሽ በ39 ዓመቱ የተገኘበት ክብደቱ በፍጥነት እየቀነሰ ከነበረ፣ ዓይነቱ በትክክል መለየቱን ሐኪሙን ይጠይቅ። በሌላ በኩል ደግሞ በአንድ ጂን ብቻ የሚመጣ፣ ከአያት ወደ ልጅ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ በየትውልዱ በ25 ዓመት አካባቢ የሚታይ ዓይነት አለ። ጥቂት ነው፤ የእናንተ ታሪክ አይመስልም።

የምራቁን ምርመራ ገንዘብሽን ይዘሽ ተይው። ምክንያቴ ሁለት ነው። ከምራቁ ተነስተው የአደጋ ነጥብ የሚሰጡት ስሌቶች በአብዛኛው የተሠሩት ከአውሮፓውያን በተሰበሰበ መረጃ ነው፤ ለአፍሪካውያን ሲሆን ትንበያቸው ይዳከማል። በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ልብስ እንደመልበስ ነው። ዋናው ግን ሁለተኛው ነው፤ ውጤቱ ምንም ቢሆን የሚሰጥሽ ምክር አይለወጥም። እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ ውስጥ ውጤቱ በወጣ ጥናት ቅድመ ስኳር ያለባቸውን 3,234 ሰዎች ከፋፍለው ነበር። አመጋገብና እንቅስቃሴ ላይ የሠሩት ሰዎች በስኳር የመያዝ አደጋቸው በ58 ከመቶ ቀነሰ፤ ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር ክኒን የወሰዱት በ31 ከመቶ። ግባቸው ከክብደታቸው 7 ከመቶ መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ ብቻ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ የእነዚሁ ሰዎች ጂን ሲታይ፣ ያንን ከአይስላንድ የተገኘውን ልዩነት በሁለት ቅጂ የተሸከሙት ምንም ካላደረጉት መካከል ቶሎ ታመሙ፤ አኗኗራቸውን ካስተካከሉት መካከል ግን ያ የጂን ጫና ጎልቶ አልታየም። ይህችን ውጤት አትሜ ቤቴ ግድግዳ ላይ ብለጥፋት ደስ ይለኛል፤ ባለቤቴ ናት የከለከለችኝ።

በዚያ ገንዘብ ፋንታ አንድ ጠዋት ባዶ ሆድሽን ሄደሽ ደምሽን ተመርመሪ። ባዶ ሆድ ማለት ቢያንስ ስምንት ሰዓት ከውሃ በቀር ምንም ያልገባበት ሆድ ነው። ይህን አስምሬ የምናገረው ለምን መሰለሽ? የእኔን ጉድ ካወቅን በኋላ እናቴን ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰድኳት። «ባዶ ሆድሽን ነሽ?» ሲሏት «አዎን» አለች፤ 168 ሆነ፤ እዚያው ክኒን ጻፉላት። ስንወጣ ደረጃው ላይ ቆም ብላ «አቦሉን ባልጠጣ ኖሮ ራሴ ይፈነዳ ነበር» አትለኝም? በሁለት ማንኪያ ስኳር! «እማ፣ ባዶ ሆዴን ነኝ አላልሽም?» «ቡና ምግብ ነው እንዴ?» በሌላ ቀን በእውነት ሳትቀምስ ስትለካ 121 ሆነ። ምልክት የሌለው ሰው በአንድ ልኬት ብቻ ስኳር አለብህ አይባልም፤ ይደገማል። የእናቴ ነገር ከዚያ ወዲህ ያስገርመኛል። የአባቷ ልጅ ናት፤ እህት ወንድሞቿ ሁሉ ገብተውበታል፤ እርሷ ግን በ82 ዓመቷ ገና ደጃፉ ላይ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ከቁስቋም ዳገት አራዳ ገበያ ወርዳ ሸክም ይዛ ስትመለስ የኖረች ሴት ናት። ይህ ብቻ ነው ምክንያቱ ብዬ አልምልም፤ ምናልባት ከአባቷ ከረጢት የደረሳት ሎሚ ጥቂት ይሆናል።

የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየውን የደም ምርመራ (HbA1c ይሉታል) ማሠራት ከቻልሽም ጥሩ ነው፤ 6.5 ከመቶና ከዚያ በላይ በሽታው ነው፣ ከ5.7 እስከ 6.4 ደጃፉ ነው። ደም ማነስ ካለብሽ ግን ውጤቱን ሊያዛባው ስለሚችል ቀድመሽ ንገሪያቸው። ንጹህ ሆነሽ ከተገኘሽ በየጊዜው ድገሚው፤ እኔ በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ እለካለሁ፤ ቀኑን ላለመርሳት ነው። ደግሞ ሲፈቅድ ስታረግዢ በመጀመሪያው ክትትል ላይ የአባትሽንና የወንድምሽን ነገር ሳትጠየቂ ተናገሪ። በእርግዝና ጊዜ የሚመጣ ስኳር አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚመረመረው ከ24 እስከ 28 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ በቤተሰብ ካለ ግን ቀደም ብለው ሊያዩሽ ይችላሉ።

እኔ ምን አደረግሁ ለሚለው፤ 84 ኪሎ ነበርኩ፣ በዘጠኝ ወር 78 ገባሁ። እንጀራ አልተውኩም። «የጤፍ እንጀራ ስኳር የለውም» የሚሉሽን ግን አትስሚ፤ ስታርች ሆድ ገብቶ የሚሆነው ግሉኮስ ነው፤ ብዛቱ ነው ጉዳዩ። ሁለተኛውን እንጀራ ትቼ ሽሮውንና ጎመኑን አበዛሁ። ጾም ይጠቅማል ብዬም ነበር፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቼ ዳቦ በሻይ፣ ድንችና ፓስታ ስደራርብ ግን ያው እንደሆነ የስኳር መለኪያው አሳበቀብኝ። ከባዱ ቡናው ነበር። አያቴ በገጠር ቡናዋን በጨው ነበር የምትጠጣው፤ እናቴ ከተማ ገብታ ስኳር ለመደች፤ እኔ ሦስት ማንኪያ ወረስኩ። በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ እየቀነስኩ ተውኩት፤ አሁን ስኳር የገባበት ቡና ሽሮፕ ይመስለኛል። በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት ወደ ቁስቋም እወጣለሁ። ጥር ሲመጣ ሠርጉና ጥምቀቱ ተደራርቦ ሁሉም ነገር ይበላሻል፤ በየካቲት እንደገና እጀምራለሁ። ባለፈው ጊዜ 103 ነበርኩ።

የቀረው የእጮኛሽ ነገር ነው። ንገሪው። ልመና እንዲመስል ግን አይሁን፤ የእርሱንም ወገን ጠይቂ። ልጅ ከሁለቱም ወገን ነው የሚወርሰው፤ የአንቺ ከረጢት ብቻ የሚፈተሽበት ምክንያት የለም።

ባለፈው ዓመት የእኔን ልጅ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ቤቴ መጥተው ነበር። ወጉ ተወግቶ፣ ሰባት ቤት ተቆጥሮ፣ ዝምድና አለመኖሩ ተረጋግጦ ሁሉም እፎይ ሲል፣ እኔ «አንድ የቀረ አለ» አልኩ። የአያቴን እግር፣ የአክስቴን ዓይን፣ የእህቴን ክኒን፣ የእኔን 118 ተናገርኩ። ባለቤቴ በበሩ በኩል በዓይኗ ልትውጠኝ ደረሰች። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ማንም ሳይናገር ጥቂት ቆየን። ከዚያ በዕድሜ ገፋ ያሉት፣ የልጁ አባት ታላቅ ወንድም የሆኑት፣ ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው ከኮታቸው ኪስ የክኒን ፕላስቲክ አወጡና አንዷን መዳፋቸው ላይ ጣል አደረጉ። «እስኪ ውሃ አምጡልኝ፤» አሉ፤ «ይቺ ከምግብ ጋር ናት የምትዋጠው፤ ምግቡ መቼ ነው የሚቀርበው እያልኩ ተጨንቄ ነበር።»